ዲፖዚታችን ማን ጋር ነው?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው የራሳችንን ገጠመኝ ነው። ጉዳዩ የቤት ኪራይ ነው። ከመካከላችን ቤት ተከራይቶ የማያውቅ ወጣት ጥቂት ነውና ለአንዳችሁ እንኳ ቢጠቅም ብለን ጻፍነው። ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ሦስት ነን። አንዳችን የደሴ ልጅ፣ አንዳችን የጅማ፣ አንዳችን የመርካቶ። የተዋወቅነው ለንደን ውስጥ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ጫማችንን ስንፈልግ ነው። ሦስታችንም በየፊናችን ጠባብ ክፍል ይዘን ስንንገላታ ከርመን ስለነበር "ለምን አንድ ቤት ተከራይተን አብረን አንኖርም?" ተባባልን። በ2021 መስከረም መግቢያ ላይ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ለንደን አንድ አሮጌ ቤት አገኘን። ኪራዩ በወር 1,800 ፓውንድ ነበር።

ቤቱን ያገኘነው በኤጀንሲ ነው። አገር ቤት ደላላ የምንለው ሰው ብዙውን ጊዜ አገናኝቶ፣ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል። እዚያ ግን ኤጀንሲው ውሉን ያዘጋጃል፣ ኪራዩን በየወሩ ይሰበስባል፣ ቧንቧ ሲያፈስ ሠራተኛ ይልካል። የቤቱን ባለቤት በዓይናችን ሳናየው ሁለት ዓመት ኖርን።

ስንገባ ዲፖዚት ከፈልን፤ 2,076 ፓውንድ። ዲፖዚት ማለት ቤቱን ብናበላሽ ወይም ኪራይ ሳንከፍል ብንሄድ መያዣ የሚሆን ገንዘብ ነው። በእንግሊዝ ከሰኔ 1 ቀን 2019 ጀምሮ የዓመት ኪራዩ ከ50,000 ፓውንድ በታች ለሆነ ቤት ከአምስት ሳምንት ኪራይ በላይ ዲፖዚት መቀበል አይፈቀድም። የእኛም ሲሰላ እዚያው ላይ ነው የመጣው። ለሦስት ስንካፈለው ለያንዳንዳችን 692 ፓውንድ ደረሰን። የመርካቶው ልጅ ድርሻውን ለመሙላት ሁለት ሳምንት የሌሊት ሥራ ሠርቷል።

ኤጀንሲው የሄደ ቀን

በ2023 ነሐሴ ላይ አንድ ደብዳቤ መጣ። ባለቤቱ ነው የጻፈው። "ከኤጀንሲው ጋር ተለያይቻለሁ፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራዩን በዚህ ሒሳብ ቁጥር ለእኔ ላኩ" ይላል።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለን። ኤጀንሲው ስልክ አያነሳም ነበር። የደሴው ወንድማችን ግን ደብዳቤውን አገላብጦ አየና "ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ ባለቤቱ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለን?" አለ። ልክ ነበር። በሐሰት ደብዳቤ ኪራይ ወደ ሌላ ሒሳብ የሚያስልኩ አጭበርባሪዎች አሉ። በደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን በድሮው ውላችን ላይ ባለው ስልክ ለኤጀንሲው ደወልን፤ በኢሜይልም ጠየቅን። "አዎ፣ ከእኛ ጋር ጨርሷል" የሚል መልስ በጽሑፍ መጣልን።

ከሳምንት በኋላ ባለቤቱ ራሱ መጣ። ወደ 70 የሚጠጋ፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ነው። ለአንድ ዓመት የሚቆይ አዲስ ውል በስሙ አዘጋጅቶ አመጣ። ልንፈርም ስንል አሁንም የደሴው ልጅ እስክሪብቶውን ያዘ። "ዲፖዚቱ በዚህ ውል ላይ የለም" አለ። ባለቤቱ "እሱማ ድሮ ከፍላችኋል፤ አለ" አለን። "እንግዲያው አለ ብለህ ጻፍልን" አልነው። ሰውዬው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ "2,076 ፓውንድ ዲፖዚት ቀደም ሲል ተከፍሏል" ብሎ በእጁ ጻፈና ፈረመበት።

ያን ቀን የደሴውን ልጅ ሳቅንበት። "አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር በወረቀት!" አልነው። እሱም ከቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ዕዳን ስለመጻፍ መሆኑን አስታወሰን። ዝም አልን።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ አልጠየቅንም። ገንዘቡ መኖሩን አጻፍን እንጂ "አሁን ማን ጋር ነው ያለው?" አላልንም። የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው።

የመርካቶው ልጅ ሐሳብ

በ2024 ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቤቱን ልንለቅ ሆነ። የደሴው ልጅ ሊያገባ ነው፣ ሁለታችን ወደየክፍላችን ልንበተን ነው። የመርካቶው ልጅ አንድ ሐሳብ አመጣ። "የመጨረሻውን ወር ኪራይ አንክፈል። ዲፖዚቱን ይያዝበት። በኋላ ከምንለምነው አሁኑኑ እናካክስ።"

ይህን ሐሳብ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ተለምዷል። እኛ ግን አልተቀበልነውም። ኪራይ የቤቱ ዋጋ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ መክፈል አለብን፣ ተፈራርመናል። ዲፖዚቱ ደግሞ መያዣ እንጂ ኪራይ አይደለም። ባለቤቱ ሳይስማማ ብናስቀር በሕጉ ዓይን ኪራይ ያልከፈልን ሰዎች ነን፤ ለሚቀጥለው ቤት የምስክርነት ወረቀትም አይጽፍልንም። ስለዚህ ከፈልን። ቤቱን ፈትገን አጸዳን፣ እያንዳንዱን ክፍል በስልክ ፎቶ አነሳን፣ ቁልፉን አስረከብን።

አንድ ነገር ግን ነበር። በዒድ ቀን ከዕጣን ማጨሻችን ፍም ወድቆ የሳሎኑን ምንጣፍ የሳንቲም ያህል አቃጥሎት ነበር። ሶፋውን ገፋ አድርገን ሸፍነነው ከርመናል። ስንወጣ ሶፋውን ወደ ቦታው መለስነውና ቃጠሎውን ለባለቤቱ አሳየነው። አየና ምንም አላለም።

ሁለቱም "እኔ ጋር የለም" አሉ

ከአሥር ቀን በኋላ ለባለቤቱ ደወልን። "ዲፖዚቱማ ኤጀንሲው ጋር ነው። እኔ አንድ ሳንቲም አልተቀበልኩም። እነሱን ጠይቁ" አለ።

ለኤጀንሲው ደወልን። "ያ ቤት አሁን በእኛ ሥር አይደለም። ባለቤቱን ጠይቁ" አሉ።

እንደገና ባለቤቱን፤ እንደገና ኤጀንሲውን። ሁለት ሳምንት እንዲህ ተመላለስን። አንዱ ወደ ሌላው ይጠቁማል፣ መሀል ላይ የቆምነው እኛ ነን።

በዚህ መሀል የጅማው ወንድማችን ጭንቅ ውስጥ ገባ። ለአዲሱ ክፍሉ የሚከፍለውን ገንዘብ ከመስጂድ ጀመዓችን አንድ ወንድም አበድሮት ነበር፤ "ዲፖዚታችን ሲመለስ፣ በአንድ ወር ውስጥ" ብሎ ነበር የተበደረው። ወሩ አለፈ። አበዳሪው አንድም ቃል አልተናገረም። የጅማው ልጅ ግን ሁልጊዜ ከሚሰግድበት የፊተኛው ሰፍ ወደ ኋላ ተወ፤ ሶላት እንዳለቀ በሌላው በር መውጣት ጀመረ። ሰላምታውን የሚሸሸው ሰውዬውን ጠልቶ አልነበረም፤ አፍሮ ነው። ዕዳ እንዲህ ነው። ገንዘባችንን የያዘብን ሰው የወሰደብን 692 ፓውንድ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባን።

የመርካቶው ልጅ ደግሞ በየቀኑ "ነግሬያችሁ ነበር!" ይለናል። መልስ አልነበረንም።

የተማርነው ሕግ

አንድ ቅዳሜ ሦስታችንም ወረቀቶቻችንን ይዘን ነፃ ምክር ወደሚሰጥበት ቦታ ሄድን። በእንግሊዝ ሲቲዝንስ አድቫይስ እና ሼልተር የሚባሉ ድርጅቶች ስለ ቤት ጉዳይ ያለ ክፍያ ያማክራሉ። ያማከረችን ሴት ብዙ ነገር አስረዳችን። ዋና ዋናውን እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ከሚያዝያ 2007 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ አከራይ የተቀበለውን ዲፖዚት መንግሥት በፈቀደላቸው ተቋማት በአንዱ ማስጠበቅ ግዴታው ነው። ተቋማቱ ሦስት ናቸው፦ ዲፖዚት ፕሮቴክሽን ሰርቪስ፣ ማይዲፖዚትስ እና ቴናንሲ ዲፖዚት ስኪም። በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ፣ የት እንዳስመዘገበውም ለተከራዩ በጽሑፍ መስጠት አለበት። (ስኮትላንድ የራሷ አሠራር አላት።)

ሁለተኛ፣ ጥበቃው ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ገንዘቡን ተቋሙ ራሱ ይይዘዋል። በሌላኛው ገንዘቡ አከራዩ ወይም ኤጀንሲው ጋር ይቀመጥና ተቋሙ ዋስትና ይሰጣል። ኤጀንሲ ሲባረር ችግር የሚፈጥረው ይህ ሁለተኛው ነው። ምዝገባው በኤጀንሲው ስም ነውና፣ ኤጀንሲው ሲሄድ ምዝገባውን ይዘጋዋል። ባለቤቱ በራሱ ስም ካላስመዘገበ ገንዘቡ ያለ ጥበቃ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ እኛ ካደረግነው ሁሉ የጠቀመን ያቺ በእጅ የተጻፈች መስመር ናት። አዲስ ውል ስለፈረምን፣ ባለቤቱም ዲፖዚቱ መከፈሉን ስላመነ፣ በአዲሱ ውል ዲፖዚቱን ራሱ እንደተቀበለ ይቆጠራል፤ የማስጠበቅ ግዴታው የእሱ ነው።

አራተኛ፣ "ኤጀንሲው ጋር ነው" የሚለው መልስ አከራዩን ነፃ አያወጣውም። ኤጀንሲው የእሱ ወኪል ነበር። ወኪሉ ቢያጠፋበት ጠቡ የሁለቱ ነው፤ ለተከራዩ ተጠያቂው አከራዩ ነው።

አምስተኛ፣ ዲፖዚቱን ያላስጠበቀ አከራይ ፍርድ ቤት ከቀረበ ዋናውን ከመመለሱ በተጨማሪ የዲፖዚቱን ከአንድ እስከ ሦስት እጥፍ ለተከራዩ እንዲከፍል ሊፈረድበት ይችላል። ክስ ለማቅረብም ስድስት ዓመት ድረስ ጊዜ አለ።

የሦስቱም ተቋማት ድረ ገጽ ላይ የፖስታ ኮድ፣ የአባት ስም፣ ውሉ የተጀመረበትን ቀንና የዲፖዚቱን መጠን አስገብቶ መፈለግ ይቻላል። እዚያው ተቀምጠን ፈለግን። በአንደኛው ተገኘ፤ በኤጀንሲው ስም ተመዝግቦ በ2023 መስከረም ተዘግቷል። በባለቤቱ ስም ግን በአንዱም የለም።

ቀጥሎ ለኤጀንሲው ቅሬታ በጽሑፍ አስገባን። በእንግሊዝ ያለ የቤት ኪራይ ኤጀንሲ ሁሉ ቅሬታ ሰሚ ተቋም አባል መሆን፣ የደንበኛ ገንዘብ ከያዘም ለዚያ ገንዘብ መድን የሚሆን ማኅበር ውስጥ መግባት ይጠበቅበታል። ደብዳቤያችን ላይ "ምላሽ ካላገኘን በስምንት ሳምንት ውስጥ ጉዳዩን ወደ ቅሬታ ሰሚው እንወስዳለን" አልን። ሁለት ሳምንት ስልክ ያላነሱ ሰዎች በአሥር ቀን ሒሳቡን ላኩልን።

ሒሳቡን ስናይ ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። ኤጀንሲው ሲለያዩ "ባለቤቱ ያልከፈለን የአገልግሎት ክፍያ አለ" ብሎ ከእኛ ዲፖዚት ላይ 480 ፓውንድ ቆርጦ አስቀርቷል። ቀሪውን 1,596 ፓውንድ ለባለቤቱ ልኮለታል። ባለቤቱ ደግሞ የመጨረሻው የኪራይ ሒሳብ መስሎት አውጥቶበታል።

አስቡት! የእኛ አማና ነው የሁለቱ ዕዳ የተወራረደበት።

ከሽማግሌው ጋር

ባለቤቱን አንድ ሻይ ቤት ቀጠርነው። ወረቀቱን አሳየነው። መነጽሩን አውጥቶ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ፊቱ ተለዋወጠ። "እኔንም ዘርፈውኛል" አለ። መዋሸቱ አልመሰለንም። ሕጉን አያውቅም ነበር፤ ቤቱን ከእናቱ የወረሰ፣ ሁሉን ነገር ለኤጀንሲ ጥሎ የኖረ ሰው ነው።

"ከእነሱ ጋር ያለህ ጉዳይ የአንተ ነው፤ ማስረጃውን ኮፒ አድርገን እንሰጥሃለን። የእኛ ግን ካንተ ጋር ነው" አልነው። ሦስታችንም የፈረምንበትን ደብዳቤ ሰጠነው። በ14 ቀን ውስጥ ዲፖዚቱን ካልመለሰ ፍርድ ቤት እንደምንሄድ፣ ሕጉ እስከ ሦስት እጥፍ እንደሚፈቅድልንም ተጽፎበታል።

ወደ ቤት ስንመለስ በመካከላችን ትልቅ ክርክር ተነሳ። ሦስት እጥፍ ማለት 6,228 ፓውንድ ነው! የመርካቶው ልጅ "ሕጉ የሰጠንን ለምን እንተዋለን? ሦስት ወር ያንገላታን እኮ እሱ ነው" አለ። የደሴው ልጅ "ሰውዬው ሳያውቅ ነው የሳተው። ሐቃችንን እንውሰድ፤ ከዚያ በላይ ልቤ አይቀበለውም" አለ። የጅማው ልጅ "እኔ ዕዳዬን ልክፈል እንጂ ሌላ አልፈልግም" ብሎ ጨረሰው።

በመጨረሻ ተስማማን፤ በጊዜው ከመለሰ ቅጣቱን አንጠይቅም፣ እምቢ ካለ ግን እንጠይቃለን። የመርካቶው ልጅ ዛሬም ድረስ "ሞኝ ነበራችሁ" ይለናል። ቅጣቱን የጠየቀ ተከራይ ጥፋተኛ ነው አንልም። ሕጉ የተደነገገው አውቀው ለሚበድሉ አከራዮች ማስፈራሪያ እንዲሆን ነው፤ ማስፈራሪያው ባይኖር ለእኛም መልስ አይመጣም ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሰውዬው ደወለ። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን በሚቀጥለው ወር ልክፈል አለ። በኢሜይል አጻፍነውና ተቀበልን። ምንጣፉንም ያነሳነው እኛው ነን። በአገልግሎት ብዛት የሚመጣ መሳሳትና ማርጀት ከተከራይ አይቆረጥም፤ ፍም ያቃጠለው ግን የእኛ ጥፋት ነው። 90 ፓውንድ እንዲቀነስ ተስማማን። 1,986 ፓውንድ ተመለሰልን፤ ለያንዳንዳችን 662።

የመጀመሪያው ክፍያ የገባ ዕለት የጅማው ልጅ የእኛንም ድርሻ ወስዶ ዕዳውን በሙሉ ከፈለ፤ የእኛን በኋላ መለሰልን። በሚቀጥለው ጁሙዓ ፊተኛው ሰፍ ላይ፣ ካበደረው ወንድም ጎን ቆሞ አየነው። አልሐምዱሊላህ።

ለእናንተ

እንግሊዝ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች፣ አከራያችሁ ኤጀንሲውን አሰናብቷል የሚል ደብዳቤ በደረሳችሁ ቀን ይህን አድርጉ።

1. ለውጡን ከኤጀንሲውም ከባለቤቱም በጽሑፍ ሳታረጋግጡ ኪራይ ወደ አዲስ ሒሳብ አትላኩ።

2. "ዲፖዚታችን አሁን ማን ጋር ነው? በየትኛው ተቋም፣ በማን ስም ተጠብቋል?" ብላችሁ ለሁለቱም በኢሜይል ጠይቁ። የድሮውን የምዝገባ ወረቀት አትጣሉ።

3. ከ30 ቀን በኋላ ራሳችሁ በሦስቱ ድረ ገጾች ፈልጉት። "አስመዝግቤያለሁ" የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም።

4. አዲስ ውል ከፈረማችሁ የዲፖዚቱ መጠን በውሉ ላይ ይጻፍ።

5. ስትገቡም ስትወጡም ፎቶ አንሱ፤ ያበላሻችሁትን ደግሞ አትደብቁ።

6. ጥበቃው ሳይዘጋ ከወጣችሁና በተቆረጠው ካልተስማማችሁ ተቋሙ ያለ ክፍያ ይዳኛችኋል። አትዘግዩ፤ ቤቱን ከለቀቃችሁ በሦስት ወር ውስጥ አመልክቱ።

አገር ቤት ላላችሁም ነገሩ ሩቅ አይደለም። ደላላ አገናኝቶ ይሄዳል፤ ቅድሚያ ክፍያው ይቀራል፤ ቤቱ ሲሸጥ ወይም ወራሽ ሲይዘው "ለእኔ አልሰጣችሁም" ይባላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ይደነግጋል። "እንተዋወቃለን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?" አትበሉ። የሚተዋወቁ ሰዎች የሚጣሉት ባልተጻፈ ነገር ነው።

አከራይ የሆናችሁ ወይም ነገ የምትሆኑ ደግሞ ይህን ያዙልን። የተከራይ ዲፖዚት በእጃችሁ የተቀመጠ አማና ነው። ወኪል ብትቀይሩም አማናው ከእናንተ ትከሻ አይወርድም። ያ ገንዘብ ለእናንተ ትንሽ ቢሆንም፣ በእሱ ምክንያት ከወንድሙ ዓይን እየሸሸ በሌላው በር የሚወጣ ሰው ሊኖር ይችላል።

ያጋጠማችሁ ካለ ጻፉልን።